ሌላ አገር ስምምነት እንዲያጸድቅ ማግባባት የሚቻለው እንዴት ነው?

ጠባሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን የምማር የሕግ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የአፍሪካ ኅብረትን ስብሰባ አስመስለን የምናካሂደው የክፍል ልምምድ አለ። ለእኔ የወጣልኝ ዕጣ የኅብረቱ ልዑክ መሆን ነው፤ ሥራዬም ሦስት አገሮች በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣውን የፀረ ሽብርተኝነት ፕሮቶኮል እንዲያጸድቁ ማግባባት። አገሮቹን የሚወክሉት ጓደኞቼ «እንቢ» እንዲሉ ታዝዘዋል፤ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፣ ባይታዘዙም እንቢ ይሉ ነበር።

የስምምነቶቹን ዝርዝር አጥንቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከወጣው የቶኪዮ የአውሮፕላን ስምምነት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ 19 ሰነዶች አሉ፤ አውሮፕላን መጥለፍ፣ ሰው ማገት፣ ቦምብ፣ መርከብ፣ የኑክሌር ቁስ፣ የገንዘብ ድጋፍ። የአፍሪካው ዋና ስምምነት ሐምሌ 7 ቀን 1991 አልጀርስ ላይ ወጣ፤ የእርሱ ማሟያ የሆነው ፕሮቶኮሉ ከአምስት ዓመት በኋላ ተከተለ። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

መጽሐፍ ውስጥ ያጣሁት ሌላ ነው። ሁሉም «ከፍተኛ ዲፕሎማሲያዊ ጥረት ተደርጓል» ብለው ያልፋሉ። ጥረቱ ምንድን ነው? ልዑኩ በር አንኳኩቶ ገብቶ፣ ቡናው ከቀረበ በኋላ፣ ምን ይላል?

የጣርማበር_ጭጋግ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ገንዘብ። «ካላጸደቃችሁ ብድሩ ይዘገያል» ይባላል፤ እጅ ይወጣል፤ ይጸድቃል። የቀረው ቡናው ነው።

ሸዋሮቢት_ቆላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ስለ ስምምነት አላውቅም። በዚህ በሽብር ሕግ የተነሣ የደረሰብኝን ግን ልናገር። ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ጅዳ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ገንዘብ አንድ ባንክ ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። «ስምህ ከአንድ ዝርዝር ጋር ስለ ተመሳሰለ እስኪጣራ ጠብቅ» ተባልኩ። የማን ዝርዝር ነው ብል፣ የተባበሩት መንግሥታት ነው አሉኝ። ኒው ዮርክ ላይ እኔን ማን ያውቀኛል? ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ነው፤ ለቃሚው የቀን ሒሳቡን ይጠይቃል። ይህን ስምምነት ያጸደቀ ሰው እዚህ ቤት ካለ ጥሩልኝ።

የአንኮበር_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጄ ጠባሴ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ገደማ በውጭ ጉዳይ ሥራ ወረቀት ተሸክሜአለሁ። ከተሸከምኩት ብዙው አንቺ የምትጠይቂው ዓይነት ነበር።

ለእኛ ነገሩ የጀመረው ሰኔ 19 ቀን 1987 ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲገቡ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ከተጠርጣሪዎቹ ሦስቱ ሱዳን ገብተዋል ተባለ። በእጃችን የነበረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከሱዳን ጋር ያደረግነው ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ውል ነበር። ውሉ አለ፤ ሰዎቹ አልመጡም። ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ተሄደ፤ ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ አልመጡም። ከዚያ የጸጥታው ምክር ቤት፦ በጥር 1988 ውሳኔ 1044፣ በሚያዝያ ውሳኔ 1054 ከነዲፕሎማሲ ማዕቀቡ፣ በነሐሴ ውሳኔ 1070 ከነአየር ማዕቀቡ። የአየር ማዕቀቡ ሥራ ላይ ሳይውል ወረቀት ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ያጠፋውን ጎረቤት ካልሰጠ፣ የሁለት ሰው ውል ሌላ ምስክር እንደሚያሻው ያን ጊዜ ነው የተማርነው።

የሱዳን ማዕቀብ የተነሣው በውሳኔ 1372 ነው፤ መስከረም 18 ቀን 1994። ቁጥሩን ልብ በይው። በዚያው ዕለት የወጣው ቀጣዩ ውሳኔ 1373 ነው፤ ለሽብር ገንዘብ መርዳትን እንዲከለክል አገርን ሁሉ ያስገድዳል፤ ለአንቺ ሥራ እናቱ እርሱ ነው።

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ታስታውሱ ይሆናል። ዶሮው ሳይበላ በቴሌቪዥን ሕንፃ ሲፈርስ ያየንበት ነው። እስከዚያ ዕለት ድረስ ለሽብርተኝነት ገንዘብ መርዳትን የሚከለክለውን ስምምነት፣ ኅዳር 29 ቀን 1992 የወጣውን ማለቴ ነው፣ ያጸደቁት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ቦትስዋና፣ ስሪላንካ፣ እንግሊዝና ኡዝቤኪስታን። ሥራ ላይ ለመዋል 22 አገሮች ያስፈልጉት ነበር። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ በሰባት ወር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1994፣ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች ገብተውበታል። በዚያ ፍጥነት ውስጥ የኔ ዓይነቱ ልዑክ ያደረገው ነገር የለም፤ ያስሮጣቸው ድንጋጤ ነው። ልዑክ የሚያስፈልገው ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ነው።

ምን እንላለን? መጀመሪያ፣ «አጽድቁ» አንልም። እርሱን የማይፈልግ መንግሥት የለም፤ ሁሉም «በመርህ ደረጃ እንደግፋለን» ይላል። ይህች «በመርህ ደረጃ» የምትባል ቃል ስንቱን ስምምነት ቀብራለች! ስለዚህ የምንጠይቀው «ሰነዱ አሁን የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?» ብለን ነው። መልሱን ካገኘሽ ግማሹን ሠርተሻል። ብዙ ጊዜ ሰነዱ ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር፣ ሕግ በሚያረቅቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች የመሬቱን ሕግ፣ የግብሩን ሕግ፣ የንግዱን ሕግ ያረቅቃሉ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ የኑክሌር ቁስ ትያቸዋለሽ።

አንድ ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ አንድ አገር ሄጄ «ለምን አላጸደቃችሁም?» ብዬ የጠየቅኩበትን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አጽድቀው ነበር! ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠ አሥራ አራት ወር አልፎታል። የማጽደቂያ ሰነዱን ማን ፈርሞ፣ በማን በኩል፣ ለማን እንደሚያስረክብ ስላልተወሰነ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ምክር ቤት ማጽደቁ ለአገር ውስጥ ነው፤ ለዓለም የሚቆጠረው ሰነዱ ለአስቀማጩ ሲደርስ ነው። አስቀማጩ ደግሞ አንድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታቱ ለዋና ጸሐፊው ኒው ዮርክ ይሄዳሉ፤ የቶኪዮው ለሲቪል አቪዬሽን ድርጅቱ ሞንትሪያል፤ የመርከቡ ለንደን፤ የኑክሌር ቁሱ ቪየና፤ የአፍሪካው አዲስ አበባ። አንድ ትንሽ አገር አምስት ከተማ ወረቀት ላክ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቢው። የእኔ ሥራ ያን ቀን ወረቀቱን ተቀብሎ በቦርሳዬ ይዞ መመለስ ሆነ።

ያንቺ ፕሮቶኮል ሐምሌ 1 ቀን 1996 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው የካቲት 19 ቀን 2006 ነው። 15 አገሮች ብቻ ነበር የሚያስፈልጉት፤ ለ15 ወረቀት አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከተቃዋሚው ይልቅ ያዘገየው መሳቢያው ነው።

ስለ ገንዘቡ የጭጋግን ነገር ማታ እመለስበታለሁ፤ ከብቶቹ ይጠሩኛል።

የደብረሲና_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡22

ሸዋሮቢት ወንድሜ፣ ባንክ ነው የምሠራው፤ ያንተ ባንክ ግን አይደለም። ያንተን ገንዘብ የያዘው ጠባሴ የምትጠይቅበት ስምምነት እንዳልሆነ ላስረዳህ። ባንኩ ስምህን የሚያመሳክረው የጸጥታው ምክር ቤት ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ነው። መነሻው በጥቅምት 1992 በታሊባን ላይ የወጣው ውሳኔ 1267 ነው፤ በኋላ አልቃይዳና ሌሎችም ተጨመሩበት። ይህን ማንም አላጸደቀውም፤ ማጽደቅም አያሻውም፤ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ ሰባት የወጣ ስለሆነ አባል አገር ሁሉ ይገደድበታል። ስምምነት ግን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያልገባ አገር አይያዝበትም። ሁለቱን ሰው ሁሉ ያምታታል፤ የእኛም ሠራተኞች ጭምር።

ስምህ የተመሳሰለበት ምክንያት ቀላል ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ያ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱን ስም አራት ዓይነት አድርገው ይጽፉታል። ኮምፒውተሩ በፊደል መቀራረብ ብቻ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሰው ማየት አለበት፤ የልደት ቀን፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዘጠኝ ቀን የፈጀው ፋይሉን የሚከፍት ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ሕጉ ጠብቅ ብሎ አይደለም።

ሸዋሮቢት_ቆላ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

አሁን ገባኝ። ስለዚህ የኔም ገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ነው ማለት ነው።

መንዜው_ጠበቃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡15

የአንኮበር ልጅ የጻፉት ጣፋጭ ነው፤ ግን ነገሩን ሁሉ የፖስታ ቤት ችግር አደረጉት። እንቢ የሚሉ አገሮች ምክንያት ያላቸው ናቸው፤ ጠባሴም ምክንያቱን ካልሰማች ጓደኞቿ ያሸንፏታል።

ምክንያቱ ትርጉም ነው። ሽብርተኛ ማን ነው? ሕንድ አጠቃላይ ስምምነት ይውጣ ብላ ረቂቅ ያቀረበችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ የተጣበቀው ትርጉሙ ላይ ነው። ለዚህ ነው ዓለም 19 ቁርጥራጭ ሰነድ ያለው፤ ሽብርተኝነትን በአንድ ቃል መተርጎም ሲያቅት ድርጊቱን በየተራ ዘረዘሩት። የአፍሪካው ስምምነት ደፍሮ ተረጎመ፤ ወዲያው ደግሞ በአንቀጽ 3 ሕዝቦች በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት ለነፃነት ወይም ራሳቸውን በራሳቸው ለመወሰን የሚያካሂዱት ትግል ሽብር አይባልም አለ። ከቅኝ ግዛት ለወጣ አህጉር ይህ አንቀጽ ባይኖር ማን ይፈርም ነበር?

ኬንያን ተመልከቱ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ናይሮቢ በቦምብ ተመታች፤ ከእርሷ የበለጠ ምክንያት ያለው አገር አልነበረም። ሆኖም በ1995 የቀረበው የፀረ ሽብር ረቂቅ ሕግ በገዛ ሕዝቧ ተቃውሞ ወደቀ፤ ሕጉ የወጣው በጥቅምት 2005 ነው። ሕዝቡ ሽብርን ወድዶ አልነበረም። ፖሊስ በሕጉ ማንን እንደሚይዝበት ያውቅ ስለነበረ ነው።

እኛም ዘንድ አዋጅ 652/2001 ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ሲከሰስበት ኖሮ በአዋጅ 1176/2012 ተተካ። አዲሱ አዋጅ ሕጋዊ የሥራ ማቆምንና ሰላማዊ ሰልፍን ከወንጀሉ አውጥቷል፤ ጥሩ ነው። በ2013 ሕወሓት በምክር ቤት ሽብርተኛ ተብሎ ተሰየመ፤ በመጋቢት 2015 በዚያው ምክር ቤት ስያሜው ተነሣ። ከማን ጋር መወገኔ አይደለም። ቃሉ እንደ ባርኔጣ የሚደረግና የሚወለቅ ከሆነ፣ ሌላው አገር «ነገ ለማን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ትያለሽ? ነው ጥያቄዬ።

የጣርማበር_ጭጋግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ይኸው፣ ጠበቃው ሲገባ ጭጋጉ ገፈፈ። ይህን ካነሣን ዘንድ ዛሬ በእኛው ዞን ማን ማንን ሽብርተኛ እንደሚል

[ቀሪው በአስተዳዳሪው ተነሥቷል]

አስተዳዳሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡02

ጭጋግ፣ ይቅርታ። የዛሬው ጦርነት እያንዳንዳችን ቤት የገባ ነው፤ እዚህ ክር ውስጥ ከገባ የልጅቷ ጥያቄ ይጠፋል። ለእርሱ ሌላ ክር አለ።

የአንኮበር_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጠበቃው ልክ ናቸው፤ ስለ መሳቢያው አብዝቼ ስለ ፍርሃቱ አሳጠርኩ። ጭጋግም ግማሹን ልክ ብሏል፤ ከርሱ ልጀምር።

ገንዘብ የሚገባው በፓሪሱ የፋይናንስ ድርጊት ግብረ ኃይል በኩል ነው። ይህ አካል ገንዘብ ማጠብንና ሽብርን በገንዘብ መርዳትን በተመለከተ ምክረ ሐሳቦች አሉት፤ 36ኛው በግልጽ አራት ስምምነቶች ይጸድቁ ይላል፤ አንዱ የ1992ቱ የሽብር ገንዘብ ስምምነት ነው። ጉድለት አለበት ያለውን አገር በዝርዝር ያወጣል። እኛ በ2002 ገባንበት፤ በጥቅምት 2007 ወጣን፤ በየካቲት 2009 እንደገና ገባን፤ በጥቅምት 2012 ወጣን። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ቅጣት አይባልም፤ ግን የውጭ ባንክ ከአንቺ ባንክ ጋር ለመሥራት ሁለቴ ያስባል፤ የሸዋሮቢቱ ሰው እህት የምትልከውም ይከብዳል። አዋጅ 780/2005 የወጣውም በዚያ ግፊት ዘመን ነው። ስለዚህ አዎ፣ ግፊት ፊርማ ያመጣል። ግን በግፊት የተገኘ ፊርማ ግፊቱ ሲነሣ ይተኛል። አይቼዋለሁ።

አሁን ስለ ፍርሃቱ። ጠባሴ፣ እንቢ የሚልሽ አገር ሲያጋጥምሽ ሦስት ነገር አቅርቢ፤ ሌላውን ተዪው።

ተዓቅቦ፣ ማለትም አንዱን አንቀጽ ለይቶ አልቀበልም ብሎ ወደ ስምምነቱ መግባት፣ እንደሚፈቀድ ንገሪያቸው። የገንዘቡም የቦምቡም ስምምነት፣ ክርክር ወደ ሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይሄዳል የሚለውን አንቀጽ «ይህ አይመለከተኝም» ብሎ መግባት ይፈቅዳሉ። ብዙ አገሮች እንዲህ አድርገው ገብተዋል። ስንት ሚኒስትር ይህን ሳያውቅ «ሉዓላዊነታችን» ሲል ሰምቻለሁ!

ሁለተኛ፣ የስምምነቱን ጽሑፍ ይዘሽ አትሂጂ። ረቂቅ ሕግ ይዘሽ ሂጂ። ቪየና ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ለዚህ ብቻ የሚሠራ ክፍል አለው፤ መመሪያ ያዘጋጃል፣ አርቃቂ ያሠለጥናል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2003 ሞዴል ሕግ አውጥቷል። ሁለት አርቃቂ ላለው አገር «አጽድቅ» ማለት ሸክም ነው፤ «ረቂቁ ይኸው፣ ከሕገ መንግሥታችሁ ጋር የማይሄደውን አንቀጽ አብረን እናስተካክል» ማለት ሸክም ማውረድ ነው።

ሦስተኛው የጠበቃውን ጥያቄ ይመልሳል። ባርኔጣ የሚሰፋው ቃሉ ሰፊ ሲሆን ነው። ስለዚህ ድርጊትን የሚዘረዝሩትን ስምምነቶች ይዘሽ ተከራከሪ። «አውሮፕላን የጠለፈ» ሲባል የማንም ተቃዋሚ አይገባበትም። እነዚህ ስምምነቶች የያዙት ትልቁ ነገር አንድ ግዴታ ነው፤ ወይ አሳልፈህ ስጥ፣ ወይ ራስህ ክሰስ። የካቲት 10 ቀን 2006 የራሳችን አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሮም መሄድ የነበረበትን አውሮፕላን ጄኔቭ አሳረፈው። ኢትዮጵያ ይሰጠኝ አለች፤ ስዊዘርላንድ አልሰጥም አለች፤ ጉዳዩን ግን ራሷ ያዘችው። ሰዎች «ስምምነቱ ምን ጠቀመ?» አሉ። የጠቀመው ይህን ነው፤ እንቢ ያለ አገር ዝም ብሎ ሊለቀው አልቻለም። በ1987 ከሱዳን ጋር ያጣነው ይህንን ነበር። አውሮፕላን መጥለፍ ለእኛ ወሬ አይደለም፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ኮሞሮስ ባሕር ላይ ከወደቀው አውሮፕላናችን ከ175 ሰው 125 አልቋል።

መንዜው_ጠበቃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሦስተኛውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፤ ከቪየና የመጣ ረቂቅ በአንድ ሌሊት ተገልብጦ አዋጅ ሲሆን አይተናል። ጃኖ ለብሶ የመጣ ሁሉ የአገር ሰው አይደለም።

ሰላድንጋይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ መታገሥ አቃተኝ። የሕግ ሰነድ ተርጓሚ ነበርኩ። ሁላችሁም ስለ ፊርማው ስትነጋገሩ አንድም ሰው ስለ ቋንቋው አላነሣም፤ ያውም የውጫሌ አንቀጽ 17 አገር ሰዎች ሆናችሁ! በ1881 ዓ.ም. አማርኛው «ይቻላቸዋል» አለ፤ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ያንጎለላው ልጅ ምኒልክ ጦርነት ገቡበት።

አሁን ተመልከቱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። በአንቀጽ 55 መሠረት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በነጋሪት ጋዜጣም የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሥልጣን አለው። ጥሩ። ግን ለብዙ ዓመት የነበረውን የማጽደቂያ አዋጅ አንሡና እዩት፤ ሦስት ወይም አራት አንቀጽ ነው። አጭር ርዕስ፣ «ስምምነቱ ጸድቋል»፣ «ይህን እንዲያስፈጽም ለእገሌ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ተሰጥቷል»፣ የሚጸናበት ቀን። ስምምነቱ ራሱ የለም! የተባበሩት መንግሥታቱ ስምምነቶች እኩል ተቀባይነት ያላቸው ጽሑፎች በዓረብኛ፣ በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በስፓኒሽ ነው። ደብረ ብርሃን የተቀመጠ ዳኛ የአገሩ ሕግ አካል የሆነውን ሰነድ በአገሩ ቋንቋ አያገኘውም። መሃል ሜዳ ያለው ጠበቃችን ቢጠቅሰው እንኳ ዳኛው «የት አለ?» ይላል።

ልዑኮቹ ኒው ዮርክ ላይ ሰነድ ሲያስረክቡ ፎቶ ይነሣሉ፤ በየመስከረሙ በጠቅላላ ጉባኤው ሰሞን ለዚሁ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጃል። ቁጥሩ አንድ ከፍ ይላል። ሥራው ያለቀው እዚያ ይመስላቸዋል።

የአንኮበር_ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እህቴ፣ ፎቶው ውስጥ እኔም አለሁበት። ከኋላ ቦርሳ የያዝኩት።

ልክ ነሽ። እኛ የምንለካው በተረከበ ሰነድ ብዛት ነበር። አለቃዬ «ስንት ሆነ?» ይለኛል እንጂ «ስንት ዳኛ አነበበው?» ብሎኝ አያውቅም። የእኔ መንደር ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ከእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል አድርገዋል። ሃሪስ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ አመጣ፤ ማኅተም ተደረገ፤ ሰውየው ተመለሰ። የተባለው ንግድ ግን አልመጣም። ስጦታው ከውሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ ሠርቷል።

ጠባሴ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡18

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ውሳኔ 1373 የገንዘቡን ስምምነት ዋና ሐሳብ ወስዶ ሁሉንም አገር ካስገደደ፣ ከእንግዲህ ማጽደቅ ለምን ያስፈልጋል? «ግዴታው አስቀድሞ አለብን፤ ለምን ሁለቴ እንታሰራለን?» የሚለኝ አንድ ጓደኛዬ እንዳለ አውቄአለሁ። ሁለተኛ፣ ቀን መምረጥ ለውጥ ያመጣል?

መንዜው_ጠበቃ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

የመጀመሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። ውሳኔው ያስገድዳል፤ ግን መንገድ አይሰጥም። በሁለት አገሮች መካከል አሳልፎ የመስጠት ውል ከሌለ፣ ስምምነቱ ራሱ እንደ ውል ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በቦምቡና በገንዘቡ ስምምነት ደግሞ «ወንጀሉ ፖለቲካዊ ነው» ብሎ ተጠርጣሪን አለመስጠት ተከልክሏል። ያው ስምምነት ግን ሌላ በርም ከፍቷል፤ ሰውየው የሚፈለገው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለው አገር ላለመስጠት ይችላል። እኔ ይህን በር እወደዋለሁ። ውሳኔ 1373 ውስጥ እንዲህ ተዘርዝሮ አታገኝውም። ለጓደኛሽ «ሁለቴ አትታሰርም፤ በመጀመሪያው ታስረሃል፣ በሁለተኛው መከላከያህን ታገኛለህ» በይው።

የአንኮበር_ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ከዚህ የተሻለ አልልም። ስለ ቀኑ፦ የእኛ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። ሐምሌ ላይ የመጣ ልዑክ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። የእያንዳንዱን አገር ምክር ቤት የዕረፍት ወር ጽፈሽ ያዢ። ምርጫ ሲቃረብም አትሂጂ።

የደብረሲና_ቆጣሪ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሸዋሮቢት፣ ዝም አልክ። ምን ደረስክ?

ሸዋሮቢት_ቆላ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ትናንት ሄጄ የአንኮበር ልጅ እንዳሉት «ፋይሌ የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?» አልኩ። ተያዩ። አንደኛዋ «እስቲ ልይ» አለች። ገና ነው።

ጠባሴ | የተከታዩ ሳምንት ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ልምምዱ ዛሬ አለቀ። ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው አገር «ሉዓላዊነት» አለ። ተዓቅቦውን ነገርኩት፤ ጽሑፉን አላነበበውም ነበር፤ ዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ጠየቀ። ከዕረፍት ሲመለስ ተዓቅቦ አድርጎ ገባ። መምህራችን «ያለ ሕዝብ ውይይት በዐሥር ደቂቃ?» ብላ ሳቀችበት፤ እኔም ልቤ ተነካ፤ ኬንያ ትዝ አለችኝ።

ሁለተኛዋ ሁለቴ መታሰርን አመጣች። የጠበቃውን መልስ ሰጠኋት። «መከላከያ የምትይውን በር ፖሊሶቻችሁ ያውቁታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሷ እንቢ እንዳለች ወጣች፤ መምህሯም ነጥብ የሰጠችው ለእርሷ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የጋሼን ነገር ያነበበ ይመስል፣ «እኛ እኮ ባለፈው ዓመት አጽድቀናል» አለ። ክፍሉ ሁሉ ፀጥ አለ። «ታዲያ ሰነዱ?» አልኩት። «ማን እንደሚያመጣው አልተወሰነም።» ቦርሳዬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

ሰላድንጋይ እትዬ፣ የፕሮቶኮሉን የመጀመሪያ ሦስት አንቀጾች በአማርኛ ተርጉሜ ለእያንዳንዱ ልዑክ ሰጥቼ ነበር። «ማጽደቅ»ንና «መቀላቀል»ን ለይቼ ለመጻፍ አንድ ሌሊት ፈጀብኝ። ብትመለከቱልኝ እልከዋለሁ።

ሰላድንጋይ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ላኪው። በቀይ እስኪርቢቶ እንደምመልሰው ግን ከአሁኑ እወቂው።

ሸዋሮቢት_ቆላ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10

የኔው ገንዘብ ማክሰኞ ወጣ። የእናቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ አለቀ። የሽንኩርቱ እኩሌታ ግን ማሳ ላይ በስብሷል። ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለዘመዶችሽ ሽንኩርት ካስፈለገ ከተረፈው ላይ አመጣለሁ።